ዓለምፀሐይ በ48 ዓይነት ትጻፋለች

እስቲ ወረቀት ይዛችሁ ቁጠሩት። «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? የመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ አራት። «ፀ» በ«ጸ» ይተካል፤ ሁለት። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየተባለ ስድስት ይደርሳል። አራት በሁለት በስድስት ሲባዛ 48። ሰው ሲያነበው አንዲት ሴት ናት። ኮምፒውተር ሲያነበው 48 ሴቶች ናቸው። የአባቷ ስም ሥዩም ከሆነማ በ«ሠ» እና በ«ሰ» ተባዝታ 96 ትሆናለች።

ይሄ ነገር የሰዋስው መምህራን ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ ወደ ሳንጃ ልውሰደው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ደጋ ወርዶ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያቀና ሰው የሚያገኛት የቆላ ከተማ። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚያበቅል አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ይወርዳል፤ መተማ በኩል «ሳሉግ» የሚባሉት ማለት ነው። ከሥራው ጋር ወባና ካላዛር አብረው ይጠብቋቸዋል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ደግሞ አንዳንዴ ያገረሻል።

እዚህ ላይ ነው የስሙ አጻጻፍ ነገር ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው። ለካላዛር የሚደረገው ፈጣን የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ሰውየው ከዳነም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አንዲት ሴት ትኩሳት ይዟት መጥታ ምርመራው «አለ» ቢል፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ከዚህ በፊት ታክማ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ታክማ ከነበረ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋታል። መልሱ ያለው ካርዷ ላይ ነው። ካርዷ የተጻፈው «አለምጸሃይ» ተብሎ ከሆነና ዛሬ የሚፈለገው «ዓለምፀሐይ» ተብሎ ከሆነ ግን ማሽኑ «እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም» ነው የሚለው። አዲስ ካርድ ይወጣላታል፣ ያለፈ ታሪኳም ይቀራል።

እኔ ሳንጃ ያደግሁ፣ አሁን በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ወደዚያ ስሄድ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጋር ስንጨዋወት ማሽኑ ያጣውን ሰው እንዴት እንደምታገኘው ጠየቅኳት። «እኔ እኮ በጆሮዬ ነው የማገኘው፣ ወንድሜ» አለችኝ። ስሙን ጮክ ብላ ትልና በሚመጣላት አጻጻፍ ሁሉ አንድ በአንድ ትሞክራለች። አንድ ታካሚ ለማግኘት አምስት ስድስት ጊዜ መጻፍ አለባት፤ ከኋላዋ ደግሞ በቆላ ፀሐይ የቆመ ሰልፍ አለ።

ብዙ ፕሮግራመሮች ለዚህ ያላቸው መድኃኒት መጨፍለቅ ነው። ስሙ ሲገባ ሐውን ሁሉ ሀ፣ ዐውን ሁሉ አ፣ ሠውን ሁሉ ሰ ያደርጉታል። ይሠራል፣ አልክድም። ነገር ግን ጽሑፉን ያበላሸዋል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ። የሰውን ስም እናትና አባቱ ባወጡለት ፊደል ማስቀመጥና በማንኛውም ፊደል ሲፈለግ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይህንኑ ጭፍለቃ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፣ እያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻው መጻፉ ነው። አንዱ ኀን ይረሳል፣ ሌላው ኣን። ባንኩና ክሊኒኩ አንዷን ሴት በየራሳቸው መንገድ ያጣሟታል።

ታዲያ የት ነው መስተካከል ያለበት? የእኔ መልስ ከብዙ ባልደረቦቼ ትንሽ ይለያል። ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ ውስጥ ነው እላለሁ።

ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራመሩ የጻፈውን አንብቦ፣ ስህተት ካለው ተቆጥቶ መልሶ፣ ከሌለው ማሽኑ ወደሚሠራው ትዕዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። አብዛኛው ሰው፣ ተማሪውም መምህሩም፣ ይህን ነገር የታሸገ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያየው። ሳጥኑ ግን መግጠሚያ አለው። የሳንጃ ወይም የመተማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ትራክተር ማየት ይበቃዋል። ትራክተሩ የተሠራው ባሕር ማዶ ነው። የሠራው መሐንዲስ ስለ እኛ ዋልካ አፈር ሰምቶም አያውቅ ይሆናል። ግን ከኋላው መግጠሚያ ትቶለታል። ማረሻው፣ መከስከሻው፣ ውኃ የሚያመላልሰው ተሳቢ እዚያ ላይ ይገጠማል። ሞተሩን ማንም አይነካም። የተጣመመውን ማረሻ ብየዳ ቤት ወስዶ ለአፈሩ እንደሚስማማ አድርጎ የሚያሠራው ደግሞ እዚሁ ያለ ሰው ነው። ፕለጊን የሚባለው ይኸው ነው፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ፣ ሞተሩን ሳይፈቱ የሚገጠም የራስ ማረሻ።

ይህን በፊደላችን ላይ ከረጅም ጊዜ በፊት ያደረገ ሰው አለ፤ ዳንኤል ያዕቆብ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነው። ፊደሉ ቦታ ካገኘ በኋላ ግን አልተቀመጠም። ፐርል ለተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ሬጌክስፕ ኢትዮፒክ» የሚባል ተገጣሚ ጻፈ። ፐርል ጽሑፍ በመፈለግ የታወቀ ቋንቋ ነው፤ «ከሀ እስከ መ ያለ ፊደል ፈልግ» ዓይነት ትዕዛዝ ይገባዋል። «ከሀ ጋር አንድ ድምፅ ያላቸውን ሁሉ» ወይም «ሣልስ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ» ብትሉት ግን አይገባውም ነበር። የፐርል ሠሪዎች ስለ ሣልስ ከየት ያውቃሉ? የዳንኤል ተገጣሚ ፐርል የፍለጋ ትዕዛዙን በሚተረጉምበት ቅጽበት መካከል ይገባና «ሀ እና መሰሎቹ» የሚለውን ወስዶ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለ ይዘረዝርለታል። ፕሮግራመሩ አጭር ነገር ይጽፋል፣ ፐርል የሚገባውን ያያል፣ የዓለምፀሐይ ስም እንደተጻፈ ይቆያል። የፐርልን ሞተር ማንም አልፈታም፤ ማንም ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ አልጠየቀም። ሥራው በነፃ የሚገኝ ነው። ፐርል እንደ ድሮው ስለማይዘወተር ግን ዛሬ የሚያወቀው ጥቂት ነው። በፓይተን፣ በጃቫ፣ በጃቫስክሪፕት የሚሠራው ትውልድ ያንኑ ዝርዝር በየጓዳው እንደገና ይጽፋል፤ ኀን እየረሳ።

ፊደሉ አንዱ ነው። ቀኑና ልኬቱ ደግሞ አሉ፤ እዚህ ላይ የኮምፓይለር ተገጣሚዎች ጉልበት ይበልጥ ይታያል። ቆላው የጠረፍ አገር ነው። በሱዳን በኩል ሰሊጥ የሚሸጠው በቀንጣር ነው፤ አንድ ቀንጣር 45 ኪሎ ግራም ገደማ። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አይተዋወቁም። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም «30» ናቸው። ሠላሳ ኩንታል 3,000 ኪሎ ነው፣ ሠላሳ ቀንጣር 1,350 ኪሎ አካባቢ። አንዱን በሌላው ቦታ የደመረ ፕሮግራም ከ1,600 ኪሎ በላይ ሰሊጥ በአየር ላይ ይፈጥራል፤ ወይም የአንድ ገበሬን ልፋት ያጠፋል። የቀኑም ነገር ያው ነው። በ2012 ዓ.ም. የተወለደን ሕፃን «2012» ብቻ ብሎ የተቀበለ ፕሮግራም በፈረንጅ አቆጣጠር ካሰበው ልጁ በአንዴ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጳጉሜን ውስጥ የተወለደውን ደግሞ ጭራሽ «ወር ከ12 አይበልጥም» ብሎ ይመልሰዋል።

እንዲህ ያለ ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ፤ ልኬታቸው ነው የተለያየው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስድስተኛ እትሙ ኮምፓይለሩ ተጨማሪ መርማሪዎችን እንዲቀበል መደበኛ መግጠሚያ አበጀ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ቼከር ፍሬምወርክ» በዚህ በር ገብቶ የሚሠራ ነው። ከተገጣሚዎቹ አንዱ የልኬት መርማሪ ነው፤ ሜትርን ከሰከንድ ጋር የደመረ ፕሮግራመር ፕሮግራሙ ሳይጀመር፣ ገና ሲጻፍ ይያዛል። በዚሁ መንገድ ኩንታልን ከቀንጣር፣ የእኛን ዓመት ከፈረንጅ ዓመት እንዳይደባለቅ የሚከለክል መርማሪ መጻፍ ለአንድ ጎበዝ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የማይቻል ሥራ አይደለም። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው ሁሉ ይጠበቅበታል፤ ማስታወስ አይጠበቅበትም።

ቀኑን በተመለከተ መንገዱ ተጀምሯል፤ የጀመሩት ግን እኛ አይደለንም። ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ወጣ። የእኛ አልነበረበትም። መግጠሚያ ግን ተትቶ ነበርና «ስሪቴን ኤክስትራ» የተባለው ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ገጠመለት። ይህኛው ኮምፓይለሩ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ የሚገጠም ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። እዚህ አገር ስንት የጃቫ ፕሮግራመር ይህን ያውቃል? ከዓመቱ ላይ ስምንት ቀንሶ የሚያልፈውን አይቻለሁና ነው የምጠይቀው።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሳ ሐሳብ አለ፤ ለምን የራሳችንን፣ በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንሠራም የሚል። ቁጭቱ ይገባኛል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የሳንጃ ልጅ «ኢፍ» እና «ዋይል» ከማወቁ በፊት እንግሊዝኛ ጋር መታገሉ ልክ አይደለም። ግን አዲስ ቋንቋ ማለት አዲስ ትራክተር ከብሎኑ ጀምሮ መሥራት ነው። ራምዚ ናስር እ.ኤ.አ. በ2012 «ቀልብ» የተባለ ሙሉ በሙሉ በዓረብኛ የሚጻፍ ቋንቋ ሠርቶ ነበር። ውብ ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ዓለም ሁሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱም መረቡም፣ በላቲን ፊደል የተሠራ ስለሆነ ብቻውን ቀረ። በተቃራኒው ረስት በተባለው ቋንቋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ሰው ቁልፍ ቃላቱን ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛ የሚለውጥ ተገጣሚ ጻፈ። ነገሩ በቀልድ የተጀመረ ነው፤ ግን ረስት ራሱ አልተነካም፣ ያሉት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ይሠራሉ፣ ወዲያው ሌሎች አገሮች የየራሳቸውን ቅጂ አወጡ። ፓይተን ከ2008ቱ ሦስተኛ እትሙ ጀምሮ ስሞችን በአማርኛ መጻፍ ይፈቅዳል፤ ዛሬ «ደመወዝ» የሚል ተለዋዋጭ መሰየም ይቻላል። የቀረው ቁልፍ ቃላቱ ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን በተገጣሚ መድረስ ይቻላል። ለእኔ ግን ከ«ኢፍ» ይልቅ ሐ እና ኀ ይቀድማሉ። «ኢፍ»ን ልጁ በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። የጠፋ የሕክምና ካርድ ግን ሰው ይጎዳል።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት እንዳልነበረ ማወቅም ይጠቅማል። ጂሲሲ የተባለው ታዋቂ ነፃ ኮምፓይለር ለብዙ ዓመታት ፕለጊን አይቀበልም ነበር። ምክንያቱ የቴክኒክ አልነበረም። መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ኩባንያዎች በዚያ በር ገብተው የተዘጋ ምርታቸውን በነፃው ሞተር ላይ እንዳይገጥሙ ስለሰጋ ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2009 የፈቃድ ደንቡ ላይ መከላከያ ተጻፈና በ2010 የወጣው 4.5ኛ እትም በሩን ከፈተ። ስጋቱን አልንቅም፤ ስቶልማን ሊከላከለው የፈለገው ነገር ለድሃ አገር ከማንም በላይ የሚጠቅም ነው። ሆኖም በሩ በተዘጋበት ዘመን የተጎዳው ኩባንያው ብቻ አልነበረም፤ የራሱን ትንሽ ማረሻ መግጠም የፈለገውም ሰው ነው።

ሌላው ስጋት የደኅንነት ነው፤ እሱን ችላ ማለት ሞኝነት ይሆናል። ኮምፓይለር ውስጥ የገባ ተገጣሚ የሚወጣውን ፕሮግራም ሁሉ መንካት ይችላል። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ፣ የተበከለ ኮምፓይለር በጽሑፉ ላይ ምንም ሳይታይ የጀርባ በር ሊከፍት እንደሚችል አሳይቷል። በ2015ም የአፕል የፕሮግራም መሥሪያ የተበከለ ቅጂ ቻይና ውስጥ ተሰራጭቶ፣ ሳያውቁ የተጠቀሙበት ፕሮግራመሮች የተበከሉ መተግበሪያዎችን ለሕዝብ አደረሱ። ስለዚህ የስም ፈላጊ ተገጣሚ ከማይታወቅ ቦታ አውርዶ ጤና ተቋም ውስጥ መግጠም ማለት መታወቂያውን ሳያዩ ጥበቃ መቅጠር ነው። ኮዱ ግልጽ መሆን አለበት፣ የሚመረምረው መታወቅ አለበት፣ ስሙን አስይዞ የሚጠየቅበት ተቋም መኖር አለበት። ይህ ደግሞ ነገሩን ለመተው ሳይሆን በየጓዳው መሠራቱን ለማቆም ምክንያት ነው። አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈውን ጭፍለቃ ማን መርምሮታል?

«ይህን ሁሉ የሚሠራ አገልግሎት ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ስሙን ልኮ መልሱን መቀበል ነው» የሚሉኝም አሉ። ይህን የሚለው ሰው አማራ ክልል ሠርቶ አያውቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ቆላ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ቤተኛ ነው። ከኮምፓይለሩ ጋር የተገጠመ ነገር ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ተጋግሮ ነው የሚወጣው። መስመር ቢኖር ባይኖር ዓለምፀሐይን ያገኛታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። የድረ ገጽ ሥራ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የመረጃ ሳይንስ፣ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረት ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ተማሪው ትራክተሩን መንዳት ይማራል። እኔ የምጠይቀው ከአምስት ሚሊዮኑ አምሳ ያህሉ እንኳ ከኋላ ያለውን መግጠሚያ እንዲያዩት ነው። ለዚህ አዲስ ተቋም፣ አዲስ በጀት፣ ሪባን መቁረጥ አያስፈልግም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ያስመርቃል፤ እያንዳንዱም የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ምን እንደሚመስሉ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል፤ የሆነ ሆቴል አልጋ መያዣ፣ የሆነ ቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ። ተመርቀው ሲወጡ አብረዋቸው መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ።

በዚያ ፈንታ ትምህርት ክፍሉ ሦስት ሥራዎችን መርጦ ከዓመት ዓመት ቢያስተላልፋቸውስ? አንደኛው የዳንኤል ያዕቆብን ሥራ ለፓይተንና ለጃቫ የሚያመጣ ፊደል ፈላጊ፤ የዘንድሮው ቡድን ይጀምረዋል፣ የከርሞው ይፈትሸዋል፣ ቀጣዩ ያሻሽለዋል። ሁለተኛው የዓመተ ምሕረቱን ቀን ከፈረንጁ ጋር የሚያደባልቀውን ፕሮግራመር ገና ሲጽፍ የሚይዝ መርማሪ። ሁለቱንም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ራሱ ሊሞክራቸው ይችላል፤ የካላዛር ታካሚው ከቆላው ሁሉ እዚያ ይመጣልና። ሦስተኛው የልኬት ነው፤ ኩንታሉንና ቀንጣሩን የሚለየውን የመተማና የሳንጃ ልጆች ቢወስዱት ጥሩ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ቆመው ያደጉት እነሱ ናቸው።